መቅደሱ ሳይፈርስ የተነገረው ቃል

(ከናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም)

ከዐቢይ ጾም ሰንበታት አምስተኛው ደብረ ዘይት ይባላል። በዚህ ዕለት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ወንጌል፣ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከኢየሩሳሌም ፊት ለፊት ባለው በደብረ ዘይት ተራራ ተቀምጦ ስለ ቤተ መቅደሱ መፍረስና ስለ ዓለም ፍጻሜ ለደቀ መዛሙርቱ የነገራቸው ቃል ነው። ስሙ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ቢሾፍቱ እንኳ ለብዙ ዘመን ደብረ ዘይት እየተባለች ስትጠራ ኖራለች። ይሁን እንጂ ስሙን የሚያውቅ ሁሉ የቃሉን ምሥጢር ያውቃል ለማለት አይቻልም።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈባት ሁርሊንግሃም ከናይሮቢ መካከል ወደ ምዕራብ የምትገኝ ሰፈር ናት። በአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ አካባቢ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ስላሉ፣ ከአገሩ የራቀ ሰው በጾም ወራት ሽሮውንና ምስር ወጡን ከእንጀራ ጋር አያጣም። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚኖሩ ወላጆች ምግቡን ለልጆቻቸው ማቅረብ ቀላል ነው፤ የበዓሉን ትርጉም ማስረዳት ግን ይከብዳል። በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ የሚያድግ ልጅ የደብረ ዘይትን ወንጌል ሲሰማ፣ እግዚአብሔር የገዛ ቤቱ እንዲፈርስ ስለ ምን ፈቀደ? አስቀድሞ ይፈርሳል ብሎ መናገሩስ ምን ጠቀመ? ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። አንዳንዱ ሰው አይሁድ ስለ ኃጢአታቸው ተቀጡ ብሎ በሌላው ጥፋት ይመጻደቃል። ሌላው ደግሞ ትንቢቱን እንደ ሒሳብ ቆጥሮ የዓለምን መጨረሻ ቀን ለማወቅ ይደክማል። ሁለቱም ቃሉ ለምን እንደ ተነገረ አላስተዋሉም። ይህን ለመረዳት ታሪኩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

ሁለት ጊዜ የፈረሰ ቤት

የመጀመሪያውን ቤተ መቅደስ የሠራው ንጉሥ ሰሎሞን እንደ ሆነ በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፏል። ይህን ቤት የባቢሎን ንጉሥ የናቡከደነፆር ሠራዊት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት አቃጠለው፤ ሕዝቡም ተማርኮ ወደ ባቢሎን ተወሰደ። ምርኮኞቹ በፋርስ ነገሥታት ፈቃድ ከተመለሱ በኋላ ሁለተኛው ቤት ተሠርቶ ከልደት በፊት በ515 ገደማ ተፈጸመ። ንጉሥ ሄሮድስም ከልደት በፊት በ20 ገደማ ያንኑ ቤት አስፍቶና አስጊጦ እንደ ገና ማሠራት ጀመረ። በዮሐንስ ወንጌል እንደምናነበው፣ ጌታችን በሚያስተምርበት ወራት ሥራው 46 ዓመት እንደ ፈጀ አይሁድ ይናገሩ ነበር።

በዚያው በመጀመሪያው መቶ ዓመት የኖረው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ስለ ሕንጻው ሲያስረዳ፣ የወርቁ ልባጥ ፀሐይ በወጣች ጊዜ ዓይን ያጥበረብር እንደ ነበረ፣ ድንጋዩም ከመንጣቱ የተነሣ ከሩቅ ለሚያይ እንግዳ በረዶ የሸፈነው ተራራ ይመስል እንደ ነበረ ጽፏል። ዛሬም በምዕራቡ ግንብ ውስጥ ርዝመቱ ከ13 ሜትር የሚበልጥ አንድ የተጠረበ ድንጋይ ይታያል። ስለዚህ ደቀ መዛሙርቱ ሕንጻውን እያዩ ቢደነቁ አያስገርምም። ጌታችን ግን ይህ ሁሉ እንደሚናድ ነገራቸው።

ከዚህ በኋላ 40 ዓመት ያህል አለፈ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ66 አይሁድ በሮም መንግሥት ላይ ተነሡ። በ70 የንጉሠ ነገሥቱ የቬስፓስያን ልጅ ቲቶ ኢየሩሳሌምን ከብቦ በረኃብ አስጨነቃት፤ አብ በተባለው ወርም ቤተ መቅደሱ በእሳት ጋየ። ከዚያ የተማረከው ባለ 7 ቅርንጫፍ መቅረዝ፣ በሮም ከተማ ለቲቶ መታሰቢያ በተሠራው የድል በር ላይ ተቀርጾ እስካሁን ይታያል። በ1968 የተጀመረ ቁፋሮም ከላይ ተንደው በመንገዱ ላይ የተከመሩትን ድንጋዮች ገልጦ አሳይቷል። ዛሬ ቆሞ የሚታየው ግንብ መቅደሱ የተሠራበትን ሜዳ ዙሪያውን ይደግፍ የነበረው የውጭ ቅጥር ነው እንጂ የመቅደሱ ግድግዳ አይደለም። አይሁድ የሁለቱንም ቤቶች ጥፋት በአብ ወር በ9ኛው ቀን በጾምና በልቅሶ ያስባሉ።

የሚጥምና የሚመር ቃል

በዚያ የመከራ ዘመን ትንቢት የሚናገር ሰው አልጠፋም ነበር። ዮሴፍ እንደሚተርከው፣ መቅደሱ በተቃጠለበት ቀን አንድ ሐሰተኛ ነቢይ ተነሥቶ ሕዝቡ ወደ መቅደሱ ቢወጣ የመዳኑን ምልክት እንደሚያይ አወጀ። ይህን አምነው በውጭው አደባባይ መጠለያ የተሰበሰቡ፣ ሴቶችና ሕፃናት ያሉባቸው 6000 ያህል ሰዎች ወታደሮቹ እሳት በለቀቁበት ጊዜ አለቁ። ከጦርነቱ መሪዎችም አንዳንዶቹ ሕዝቡ ከተማውን ጥሎ እንዳይሄድ እንዲህ ያሉትን ነቢያት ያሰማሩ እንደ ነበረ ይኸው ጸሐፊ ይመሰክራል።

በአንጻሩ ደግሞ የሐናንያ ልጅ ኢያሱ የሚባል አንድ ገበሬ ነበር። ይህ ሰው ጦርነቱ ከመጀመሩ ከ4 ዓመት በፊት፣ አገር ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ በዳስ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ ለከተማይቱና ለመቅደሱ ወዮታ ይጮኽ ጀመር። ሹማምንቱ አስደበደቡት፤ ሮማዊው ገዥ አልቢኖስም አጥንቱ እስኪታይ ድረስ ካስገረፈው በኋላ እብድ ነው ብሎ ለቀቀው። ሰውየው የመቱትን አልተሳደበም፤ ምግብ የሰጡትንም አላመሰገነም። 7 ዓመት ከ5 ወር ሙሉ ያንኑ ሲጮኽ ኖሮ፣ ከተማይቱ በተከበበች ጊዜ ከጠላት መወርወሪያ በተተኮሰ ድንጋይ ተመትቶ ሞተ።

የጌታችንም ቃል ከሚመሩት ወገን ነበር፤ ነገር ግን መውጫ መንገድ ነበረው። ጭንቁ ሲመጣ በይሁዳ ያሉት ወደ ተራራ እንዲሸሹ፣ በሰገነት ያለው ዕቃ ለማውጣት እንዳይወርድ አዘዘ። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስ እንደ ጻፈው፣ የኢየሩሳሌም ክርስቲያኖች ከጦርነቱ አስቀድሞ ከዮርዳኖስ ማዶ ወዳለችው ወደ ጴላ ሄደው ዳኑ።

እነዚህን ነገሮች ጎን ለጎን አድርጎ ለሚመለከት ሰው ምሥጢሩ ይገለጥለታል። ለጆሮ የጣመው ትንቢት ሰዎቹን እሳት ውስጥ አስገባቸው፤ የመረረው ግን ለሰሙት መዳኛ ሆነ። እውነተኛ ማስጠንቀቂያ የሚታወቀው የተናጋሪውን ዐዋቂነት በማሳየቱ ሳይሆን የሰሚውን ነፍስ ለማትረፍ በመነገሩ ነው። ጌታችንም ቢሆን ከተማይቱን ባየ ጊዜ አለቀሰላት እንጂ በጥፋቷ ደስ አላለውም። እንግዲህ ተናጋሪው ራሱ ያለቀሰበትን ነገር ሰሚው የመመጻደቂያ ምክንያት ሊያደርገው አይገባም። ቀኑንም ከአብ በቀር የሚያውቀው እንደሌለ ራሱ ከነገረን፣ በመቁጠር መድከም ከንቱ ነው።

ኢትዮጵያዊው ባለሥልጣን

ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ቤት ጊዜም እንዲሁ ሆኖ ነበር፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ደግሞ አንድ የአገራችን ሰው ስሙ በክብር ይነሣል። ነቢዩ ኤርምያስ በመቅደሱ አደባባይ ቆሞ፣ ድኻ አደጉንና መበለቲቱን እየበደሉ ቤተ መቅደስ አለን ብሎ መታመን እንደማያድን በተናገረ ጊዜ ካህናቱ ሊያስገድሉት ፈለጉ። ከአገር ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ግን ተነሥተው፣ ከዚያ በፊት ነቢዩ ሚክያስ የኢየሩሳሌምን መፍረስ ተናግሮ ንጉሡ ሕዝቅያስ እንዳልገደለው፣ ይልቁንም ፈርቶ ወደ እግዚአብሔር እንደ ለመነና መዓቱ እንደ ተመለሰ አስታወሱ። ከዚህ የምንረዳው፣ የጥፋት ትንቢት የሚነገረው እንዳይፈጸም ጭምር መሆኑን ነው።

በንጉሡ በሴዴቅያስ ዘመን ባቢሎናውያን ከተማይቱን ሲያስጨንቁ፣ ኤርምያስ እጅ የሰጠ በሕይወት ይኖራል ብሎ መከረ። መኳንንቱም የወታደሩን ልብ ያደክማል ብለው ከሰሱት። ንጉሡ ልቡ እያወቀ መኳንንቱን ፈርቶ አሳልፎ ሰጣቸው፤ እነርሱም ውኃ በሌለበት ጭቃ ባለበት ጉድጓድ በገመድ አወረዱት።

በዚያን ጊዜ በንጉሡ ቤት የሚያገለግል አቤሜሌክ የሚባል ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ነበረ። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ወደ እርሱ ወጥቶ፣ እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ክፉ ነው፣ ነቢዩም በረኃብ ይሞታል ሲል በግልጽ ተናገረ። ንጉሡም 30 ሰዎች ይዞ እንዲያወጣው ፈቀደለት። አቤሜሌክ ገመድ ብቻ ይዞ አልሄደም። ከግምጃ ቤት በታች ካለው ስፍራ ያረጀ ጨርቅና ብጥስጣሽ ልብስ ፈልጎ ወደ ጉድጓዱ አወረደ፤ ገመዱ እንዳይልጠውም በብብቱ ሥር እንዲያደርገው ለኤርምያስ ነገረው። ከዚያ በኋላ ጎትተው አወጡት።

ከተማይቱ በወደቀች ጊዜ አቤሜሌክ በሰይፍ እንዳይሞት ከእግዚአብሔር ተስፋ ተሰጠው። በቤተ ክርስቲያናችን ከሚነበቡት መጻሕፍት አንዱ የሆነው ተረፈ ባሮክ ደግሞ፣ አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ተልኮ ሳለ ከዛፍ ጥላ ሥር አንቀላፍቶ 66 ዓመት እንደ ተኛ፣ ሲነቃም በለሱ እንደ ተቀጠፈ ሆኖ እንዳገኘው፣ የከተማይቱንም ጥፋት ሳያይ እንደ ቀረ ይተርካል።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ ታላቁ ሕንጻ፣ ናሱና ወርቁ ሁሉ ወደ ባቢሎን ተጓዘ። አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ ያወረደ ሰው ሥራ ግን እስካሁን ሲነበብ ይኖራል። በሥራ ቦታ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ከዚህ የሚማረው አለ። መጥፎ ወሬ ያመጣን ሰው እንደ ጠላት መቍጠር ቀላል ነው፤ ነገር ግን ተናጋሪውን ጉድጓድ መክተት ጠላትን ከበር አይመልስም። መኳንንቱ ኤርምያስን ዝም በማሰኘታቸው ግንቡ አንድ ቀን እንኳ አልጸናም።

ከድንጋዩ በኋላ የቀረው

ሁለተኛው ቤት ከፈረሰ በኋላ የአይሁድ ሃይማኖት አብሮ አልጠፋም። ዮሐናን ቤን ዘካይ የተባለው መምህር በያብኔ ከተማ ደቀ መዛሙርት ሰብስቦ ማስተማር ቀጠለ፤ መሥዋዕት የሚቀርብበት ስፍራ ስለሌለም ጸሎት፣ ትምህርትና ምጽዋት የሕዝቡ መጠበቂያ ሆኑ። ቤተ እስራኤላውያንም በጎንደር አገር ሳሉ በየዓመቱ ስግድ በተባለው በዓል ወደ ተራራ እየወጡ፣ ኦሪት እያነበቡ፣ ኢየሩሳሌምን እያሰቡ ዘመናትን አሳለፉ። ይህ በዓል ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል መንግሥት በሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል።

በክርስቲያኖችም ዘንድ የመቅደሱ መታሰቢያ አልተቋረጠም። መቅደስ የሚለው ቃል ከግእዙ ቀደሰ የወጣ ሲሆን፣ በአማርኛም በትግርኛም አንድ ነው። አብያተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብለው በ3 መከፈላቸው የጥንቱን ቤት ሥርዓት ያስታውሳል። ከሁሉ በላይ ግን፣ የዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሰንበት በሆነው በምኩራብ የሚነበበው ወንጌል እንደሚያስረዳው፣ ጌታችን ስለ መቅደስ ሲናገር ስለ ሰውነቱ መናገሩ ነበር።

እንግዲህ ከአገሩ ርቆ በሁርሊንግሃምም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚኖር ወላጅ ለልጁ ጥያቄ መልስ አለው። እግዚአብሔር ቤቱ እንዲፈርስ መፍቀዱ ቤቱን ጠልቶ ሳይሆን፣ ቤቱን ተተግነው ድኻውን የሚበድሉትን እንደማይሸሽግ ለማሳየት ነው። አስቀድሞ መናገሩም የሚሰማ ሰው እንዲድን ብሎ ነው። ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከአገር አይወጣም፤ ጸሎቱን፣ ቋንቋውንና ለሰው ማዘኑን ግን የትም ይዞት ሊሄድ ይችላል።

በመጪው ደብረ ዘይት ልጆች በገበታው ዙሪያ ሲቀመጡ የመቅደሱ መፍረስ ብቻ አይተረክላቸው። ገመዱ እንዳያሳምመው አስቦ አሮጌ ጨርቅ የፈለገለት የአቤሜሌክም ታሪክ ይነገራቸው፤ መቅደሱ በፈረሰበት ዘመን ከእነርሱ ወገን የሆነ ሰው ምን እንደ ሠራ ያውቁ ዘንድ ይገባቸዋልና።