የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፡ መንስኤዎቹ፣ ምልክቶቹና የሚያሳስቱ ሁኔታዎች

በጤና ጣቢያዎች የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ዘወትር የሚታዩ ሁለት ዓይነት ሕሙማንን በምሳሌነት መጥቀስ ይቻላል። የመጀመሪያው ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ ወገቡን ይዞ «ኩላሊቴን ያመኛል» ይላል። ትኩሳት የለውም፤ ሲሸናም አያቃጥለውም። ሆኖም በላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ ጥቂት ነጭ የደም ሕዋሳት ስለተመዘገቡ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን» ተብሎ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይታዘዝለታል። ሁለተኛዋ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ያንቀጠቅጣታል፣ ታተኩሳለች፣ ያስመልሳታል። የደም ምርመራው ወባ ባያሳይም የወባ መድኃኒት ተሰጥቷት ትመለሳለች፤ ስለ ጎኗ ሕመም የጠየቃት፣ ጀርባዋንም የዳሰሰ የለም። የመጀመሪያው ለሌለበት በሽታ መድኃኒት ወሰደ፤ የሁለተኛዋ የኩላሊት ኢንፌክሽን ደግሞ ሳይታወቅ ቀረ።

የሁለቱም ስሕተት ምንጭ አንድ ነው። ምልክቱ በሚገባ ሳይጠየቅ፣ ኢንፌክሽኑ የት እንዳለና በማን ላይ እንደደረሰ ሳይለይ ውሳኔ ተሰጥቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የበሽታውን መንስኤዎችና ምልክቶች ከዚህ አኳያ ማብራራት ነው።

የበሽታው ክፍፍል

የሽንት አካላት ከላይ ወደ ታች ሲታዩ ኩላሊቶች፣ ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርዱ ሁለት ቱቦዎች፣ የሽንት ፊኛና የሽንት መውጫ ቧንቧ ናቸው። ኢንፌክሽኑ በፊኛና ከዚያ በታች ሲወሰን የታችኛው፣ ወደ ኩላሊት ሲዘልቅ የላይኛው ይባላል። በሕክምና አጠራር የፊኛው ሲስታይቲስ፣ የኩላሊቱ ፓይሎኔፍራይቲስ ነው። የታችኛው ሕመምተኛውን ቢያሰቃይም ለሕይወት የሚያሰጋው አልፎ አልፎ ነው። የላይኛው ግን ባክቴሪያውን ወደ ደም ሊያስገባ፣ በኩላሊት ውስጥ መግል ሊቋጥርና የኩላሊትን ሥራ በድንገት ሊያዳክም ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን መለየት የሕክምናው መነሻ ነው።

መንስኤዎች

ከበሽታው መንስኤዎች ዋነኛው ኤሸሪሺያ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ሌላ የጤና ችግር በሌለባቸው ሴቶች ላይ ከሚከሠተው የፊኛ ኢንፌክሽን ቢያንስ ሦስት አራተኛው የሚመጣው በዚህ ባክቴሪያ ነው። የሕፃናት ሐኪሙ ቴዎዶር ኤሸሪሽ እ.ኤ.አ. በ1885 ባክቴሪያውን ያስታወቀው ከሕፃናት ሰገራ አግኝቶ ነበር። ይህም የበሽታውን ዋና መንገድ ያመለክታል፤ ባክቴሪያው በአንጀት የሚኖር ሲሆን ከፊንጢጣ አካባቢ ወደ ሽንት መውጫ ቧንቧ፣ ከዚያም ወደ ፊኛ ይወጣል። አንዳንዶቹ ዝርያዎች በላያቸው ባሉት ጥቃቅን ፀጉር መሰል አካላት የሽንት ቧንቧን ግድግዳ አጥብቀው ስለሚይዙ የሽንት ፍሰት አያጥባቸውም፤ እስከ ኩላሊትም ሊዘልቁ ይችላሉ። ክሌብሲየላ፣ ፕሮቲየስ፣ ኢንትሮኮከስና ስታፊሎኮከስ ሳፕሮፊቲከስም በሽታውን ያመጣሉ። ሱዶሞናስ በብዛት የሚታየው ካቴተር በገባላቸውና በሆስፒታል በቆዩ ሕሙማን ላይ ነው። ከደም ወደ ኩላሊት የሚደርስ ኢንፌክሽን ጥቂት ሲሆን፣ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስና የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በዚህ መንገድ ይመጣሉ።

አጋላጭ ሁኔታዎች

የሴቶች የሽንት መውጫ ቧንቧ ርዝመት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የወንዶች 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በሴቶች ላይ በሽታው የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ባክቴሪያውን ወደ ቧንቧው ያስጠጋል፤ ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ የሚከሠተው የሆርሞን መቀነስም የብልትን የተፈጥሮ መከላከያ ያዳክማል።

ከዚህ በተጨማሪ የሽንትን ፍሰት የሚገታ ነገር ሁሉ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። የኩላሊት ጠጠር፣ የፕሮስቴት እጢ ማበጥ፣ የሽንት ቧንቧ መጥበብና በሕፃናት ላይ ሽንት ከፊኛ ወደ ኩላሊት የሚመለስበት ሁኔታ በዚህ ረገድ ይጠቀሳሉ። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞንና እያደገ የሚሄደው ማሕፀን ቱቦዎቹን ስለሚያሰፉና ፍሰቱን ስለሚያዘገዩ ባክቴሪያው ወደ ኩላሊት ለመውጣት ይመቸዋል። የስኳር በሽታም አጋላጭ ነው። ካቴተር በገባላቸው ሕሙማን ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል፤ ስለዚህ ካቴተር አስፈላጊነቱ ባበቃበት ዕለት መውጣት ይገባዋል።

ምልክቶች

የፊኛ ኢንፌክሽን ምልክቶች ሲሸኑ ማቃጠል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣትና ማጣደፍ፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መሽናት፣ ከእምብርት በታች መታመምና አንዳንድ ጊዜ ደም የተቀላቀለበት ሽንት ናቸው። ከፍተኛ ትኩሳት የዚህ በሽታ ጠባይ አይደለም።

ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ፣ የጎን ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ሲኖር ግን ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት መዝለቁን መጠርጠር ያስፈልጋል። የመጨረሻው የጎድን አጥንት ከጀርባ አጥንት ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ቀስ ብሎ ሲመታ ሕመሙ ከበረታ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ይህ ምርመራ ከእጅ በቀር መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጊዜውም ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። በአንጻሩ ጎንበስ ቀና ሲሉ የሚብስ፣ ትኩሳትም ሆነ የሽንት ምልክት የሌለው የወገብ ሕመም ሕመምተኛው «ኩላሊቴን» ቢለውም አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻና የአከርካሪ ሕመም ነው።

በሕፃናትና በአረጋውያን ላይ ምልክቱ ይደበቃል። ጨቅላ ሕፃን ጡት እምቢ ማለት፣ ማስመለስ፣ የክብደት አለመጨመር ወይም የቆዳ ቢጫ መሆን ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን መነሻው ያልታወቀ ትኩሳት ሲኖረው ሽንቱ መመርመር አለበት። በአረጋውያን ላይ ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ይበዛል፤ ሽንት መደፍረሱ ወይም መሽተቱ ብቻውን ኢንፌክሽን አያሰኝም።

የሽንት ምርመራ ትርጓሜ

ናሙናው የመሐል ሽንት ሊሆን ይገባል፤ ሕመምተኛው አካባቢውን ታጥቦ የመጀመሪያውን ሽንት ካፈሰሰ በኋላ በንጹሕ ዕቃ ይቀበላል። በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ናሙና ባክቴሪያ ስለሚራባበት ያሳስታል። በናሙናው ውስጥ የቆዳና የብልት ሽፋን ሕዋሳት ከበዙ አወሳሰዱ ትክክል አልነበረም። ናይትራይት መኖሩ ጠቃሚ ማስረጃ ነው፤ አለመኖሩ ግን ኢንፌክሽን የለም አያሰኝም። ምክንያቱም ኢንትሮኮከስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች አያመርቱትም፤ ሽንቱም በፊኛ ውስጥ ለሰዓታት መቆየት ይኖርበታል።

ኤድዋርድ ካስ እ.ኤ.አ. በ1956 ያስተዋወቀው በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 100,000 ባክቴሪያ የሚለው መለኪያ ዛሬም ያገለግላል፤ ይሁን እንጂ ምልክት ባላቸው ሴቶች ላይ ከዚህ ያነሰ ቁጥርም ትርጉም አለው። ምልክት በሌለው ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ በአብዛኛው ሕክምና አያሻውም፤ ያለ አግባብ የሚሰጥ መድኃኒት ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርጋል።

ከዚህ ሕግ ዋነኛዋ ልዩ ሁኔታ እርግዝና ናት። ምልክት ሳይኖራቸው ባክቴሪያ ከተገኘባቸው ነፍሰ ጡሮች መካከል ካልታከሙ እስከ 30 በመቶ የሚደርሱት በኩላሊት ኢንፌክሽን ሊያዙ ይችላሉ፤ ይህም ያለ ጊዜው መውለድን ሊያስከትል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቅድመ ወሊድ ክትትል መመሪያ ለነፍሰ ጡሮች የካልቸር ምርመራ እንዲደረግ፣ ካልቸር በሌለበት ደግሞ ከስትሪፕ ይልቅ ግራም ስቴይን እንዲመረጥ፣ ባክቴሪያ የተገኘባትም ለሰባት ቀን እንድትታከም መክሯል። ግራም ስቴይን ማይክሮስኮፕ ባለው ጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል ምርመራ ነው።

ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው በሽታዎች

ጨብጥና ክላሚዲያ እንዲሁም የብልት ኢንፌክሽን ሲሸኑ ማቃጠልን ያመጣሉ፤ ፈሳሽ መኖሩን መጠየቅ ይለያቸዋል። በሽንት ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት በዝተው ካልቸሩ ባክቴሪያ ካላሳየ የኩላሊት ነቀርሳን ማሰብ ይገባል። በአዋሽ ሸለቆ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በኩርሙክ አካባቢ የኖረ ሰው ደም ሲሸና ሽስቶሶማ ሄማቶቢየም የሚያመጣው የሽንት ቢልሃርዝያ ሊሆን ይችላል። እንቁላሉን ለማግኘት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ የተወሰደ ሽንት ይመረጣል።

ማጠቃለያ

የኢንፌክሽኑን ቦታ መለየት መድኃኒቱንም ይወስናል። ለምሳሌ ናይትሮፉራንቶይን ለፊኛ ኢንፌክሽን ጥሩ መድኃኒት ቢሆንም በኩላሊት ሥጋ ውስጥ በቂ መጠን ስለማይደርስ ለኩላሊት ኢንፌክሽን አይሰጥም። የኩላሊት ኢንፌክሽን የያዛት ነፍሰ ጡር፣ የሚያስመልሰውና መድኃኒት መዋጥ ያልቻለ ሕመምተኛ፣ እንዲሁም የደም ግፊቱ የወረደ ሰው በመርፌ በሚሰጥ መድኃኒት ወደሚታከምበት ሆስፒታል ሳይዘገይ መላክ አለበት። ሕክምና ተጀምሮ በ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ትኩሳቱ ካልበረደ የሽንት መታገት ወይም የመግል ቋት እንዳይኖር በአልትራሳውንድ ማጣራት ያስፈልጋል።

ከላይ ለተጠቀሰው ገበሬ ሲሸና ያቃጥለው እንደሆነ መጠየቅና ወገቡን መመርመር ይበቃው ነበር። ለነፍሰ ጡሯም ጀርባዋን የሚዳስስ እጅና በወቅቱ የተመረመረ ሽንት ያስፈልጓት ነበር። የላቦራቶሪው ወረቀት ከጥያቄውና ከዳሰሳው በኋላ ሲነበብ ይጠቅማል፤ በእነርሱ ቦታ ሲተካ ግን ያሳስታል።