ቤት አገሩን ይምሰል፤ በሮቤና በጎባ ስለሚሠሩ ፎቅ ቤቶች የውጭ መልክ

ሮቤና ጎባ በ14 ኪሎ ሜትር ያህል የሚራራቁ ጎረቤታሞች ናቸው። ጎባ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ሮቤ ደግሞ ዛሬ የባሌ ዞን መቀመጫና መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝባት ከተማ በመሆኗ ፎቅ ቤት ይበዛባት ጀምሯል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን አውጥቶ ፎቅ ሲያሠራ፣ የሕንፃው ፊት ምን ይምሰል ብሎ አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ልማድ የአዲስ አበባን ሕንፃ አይቶ ፊቱን በሙሉ መስተዋት ማልበስ ነው። መስተዋት ማማሩ አይካድም። ዳሩ ግን ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባም ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ብለው የሚገኙ ደጋዎች ናቸው። ነጠላ መስተዋት ደግሞ ሙቀት አያቆይም፤ ቀን ፀሐይ ሲመታው ክፍሉን ያግላል፤ ማታ ግን ያንኑ ሙቀት ወደ ውጭ ይለቃል። በዚህ ምክንያት ተከራዩ ቀን መጋረጃ ይጋርዳል፤ ማታ ጋቢ ይደርባል።

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱ ከፀሐይ አካሄድ ይጀምራል። ሮቤና ጎባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ በሚበርድባቸው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ወራት ፀሐይ በእኩለ ቀን ወደ ደቡብ አዘንብላ ትውላለች። ሰፊው መስኮት በደቡብ በኩል ቢሆን፣ በብርዱ ወራት ሙቀት ያለ ዋጋ ይገባል። በምሥራቅ በኩል ያለው መስኮት የጧቱን ፀሐይ ስለሚቀበል ለመኝታ ቤት ይስማማል፤ በምዕራብ በኩል ያለው ግን ከሰዓት በኋላ ዓይን ስለሚወጋ አነስ ቢል ወይም በረንዳ ቢከልለው ይመረጣል። መንገዱ በሌላ አቅጣጫ ከሆነ፣ የመንገዱን ፊት በድንጋይና በልስን ማሳመር ይቻላል።

ሁለተኛው ነገር ዝናብ ነው። ባሌ በበልግም በክረምትም ዝናብ ያገኛል፤ ለገበሬው በረከት የሆነው ይህ ዝናብ የግድግዳውን ቀለም በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈትነዋል። የድሮው የሣር ቤት ክዳን ከግድግዳው አልፎ መውረዱ ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ጭቃውን ከዝናብ ያድነው ነበር። ዛሬ ጣራውን ከግድግዳው እኩል የሚያስቆርጥ ባለ ፎቅ ግን ይህን ጥበብ ረስቶታል፤ ጥቂት ክረምት እንዳለፈም ልስኑ ዝንጉርጉር ይሆናል። ስለዚህ የጣራው ጠርዝ ወጣ ይበል፤ አሸንዳ ይኑረው፤ የመስኮቱም ደፍ ወደ ውጭ ያዘንብል። የምድር ቤቱ ግድግዳ እስከ ወገብ ድረስ ጥቁር ድንጋይ ቢለብስ፣ ከመሬት የሚፈናጠር ጭቃ አያበላሸውም። የባሌ ተራሮች ከእሳተ ገሞራ የተወለዱ ስለ ሆኑ ጥቁር ድንጋይ ለአገሩ ባዳ አይደለም።

ስለ ቀለምም አንድ ቃል እንጨምር። በከፍታ ቦታ የፀሐይ ጨረር ስለሚበረታ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ቶሎ ይደበዝዛሉ። የአፈር፣ የድንጋይና የስንዴ ነዶ መልክ ያላቸው ቀለሞች ግን ብዙ ይቆያሉ፤ ከዙሪያው ማሳም ጋር ይስማማሉ።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀይ ቀበሮን ለማየት ወደ ሳነቲ የሚወጣ እንግዳ በሮቤና በጎባ ያልፋል፤ ሲያልፍም ሌላ ቦታ ያየውን የመስተዋት ሳጥን ደግሞ ከሚያይ የደጋ ከተማ ቢያይ ይወዳል። ከእንግዳው ይልቅ ግን የሚበልጠው በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ንድፉን ከመሐንዲሱ እጅ ሲቀበል፣ ስለ መስተዋቱ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት፣ «ደቡብ በየት በኩል ነው?» ብሎ ይጠይቅ።