አቤቱታ በሜትር ሲለካ

አንዲት ሴት «ተበደልኩ» ብላ ስታመለክት መጀመሪያ የሚቀርብላት ጥያቄ «ማስረጃሽ የታለ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ ግን ጠያቂው ማስረጃውን ከእርሷ ብቻ መጠበቁ ነው፤ እርሱ ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። እኛ ዕጩ መምህራን ነገ በየትምህርት ቤቱ አቤቱታ ሰሚዎች መሆናችን አይቀርም። ስለሆነም የማጣራቱን ሥራ በአንድ እውነተኛ ምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነገሩ የሆነው በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ናንሲ ሆፕኪንስ የተባሉት የባዮሎጂ ፕሮፌሰር እዚያ ሥራ የጀመሩት በ1973 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዜብራ ፊሽ በምትባል ትንሽ ዓሣ ላይ ምርምር ሲጀምሩ ለዓሣ ገንዳዎቻቸው 200 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም 19 ካሬ ሜትር እንኳ የማይሞላ ተጨማሪ ቦታ ጠየቁ። ተከለከሉ። ቦታቸው ከሌሎቹ እንደሚያንስ ቢናገሩም የሚያምናቸው ጠፋ። ታዲያ ምን አደረጉ? ሜትር ይዘው፣ ማታ ማታ ሰው ከሄደ በኋላ የላቦራቶሪዎቹን ወለል ለኩ። እውነትም የሴቶቹ ቦታ ከወንዶቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

በ1994 ነገሩን ለሥራ ጓደኞቻቸው ቢያማክሩ፣ ለካስ እያንዳንዷ «የኔ ብቻ ችግር ነው» ብላ አፍና ይዛው ኖሯል። በሳይንስ ፋኩልቲው ቋሚ ሹመት ያላቸው ሴቶች ከ20 በታች ሲሆኑ ወንዶቹ ወደ 200 ይጠጉ ነበር። 16 ሴቶች ፈርመው ለፋኩልቲው ዲን አመለከቱ። የጠየቁት እገሌ ይቀጣልን ብለው ሳይሆን ጉዳዩ ይጠና ብለው ነው።

በ1995 አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። በውስጡም ሴት ፕሮፌሰሮች ብቻ ሳይሆኑ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የነበሩ ወንዶችም ገቡበት። ይህ ብልህነት ይመስለናል፤ በጀትና ቦታ በጓዳ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ኮሚቴው በአንድ በኩል የደመወዝ፣ የቦታና የሽልማት መረጃ ሰበሰበ፤ በሌላ በኩል ሰዎችን በምስጢር አነጋገረ። በመጋቢት 1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሪፖርት አንድ ክፉ ሰው አላገኘም። ያገኘው ትንንሽ ልዩነቶች ለዓመታት ተደራርበው ትልቅ በደል መሆናቸውን ነው። ወጣቶቹ ሴቶች መድልዎ የቀድሞ ጊዜ ጉዳይ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ የተገፉት ማዕረጋቸው ከፍ ሲል ነው። የኢንስቲትዩቱ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ቬስትም ችግሩ ከስሜት ይልቅ እውነታው እንደሚያመዝን በጽሑፍ አመኑ።

ነቀፌታም አልቀረም። አመልካቿ ራሳቸው የኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነው ነበር፤ የደመወዙ አኃዝም ለምስጢር ሲባል አልታተመም። የመጀመሪያው ነቀፌታ ሚዛን ይደፋል እንላለን። በተለይ ክሱ በአንድ ሰው ላይ ሲሆን፣ ለምሳሌ ማርክ የያዘ መምህር ተማሪን ሲተነኩስ፣ ከሳሽ፣ ተከሳሽና ፈራጅ ሦስት የተለያዩ ሰዎች መሆን አለባቸው። ተከሳሹ ክሱን አውቆ መልስ ይስጥ። የከሳሿ ስም ደግሞ የሻይ ቤት ወሬ አይሁን። የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 ሥልጣኑን መከታ አድርጎ ሴትን የሚደፍር ሰውን ሲጠቅስ አስተማሪን በስሙ የጠራው ያለ ነገር አይደለም።

«በተዘጋ ቢሮ ውስጥ ምስክር ከየት ይመጣል?» የሚል ጓደኛ አለን። እውነቱን ነው፣ ወለል እንደመለካት አይቀልም። ቢሆንም የሚለካ ነገር አይጠፋም። ቀኑና ሰዓቱ በዕለቱ ተጽፎ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ለመኝታ ጓደኛዋ ነግራ ከሆነ፣ ሌሎች ተማሪዎችም ለብቻቸው ሲጠየቁ ተመሳሳይ ነገር ከተናገሩ፣ ይህ ሁሉ ማስረጃ ነው። «እምቢ ስላልኩ ጣለኝ» ካለች ደግሞ የፈተና ወረቀቷ ስሟ ተሸፍኖ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ለሌላ መምህር ይሰጥና እንደገና ይታረም። ማጣራቱ እስኪያልቅም የዚያች ልጅ ወረቀት በተከሳሹ እጅ አይግባ።