ሁለት ቤት ቅኔ

የቅኔ ተማሪ በማለዳ ደበሎውን ደርቦ ከባልንጀሮቹ ይለያል፤ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦም ከዚያ በፊት ማንም ያላለውን ግጥም በግእዝ ይፈልጋል። ይህ የብቻ ሥራ ቅኔ ቆጠራ ይባላል። በእጁ ብራናም ቀለምም የለም። ከቀትር በኋላ ያገኘውን በቃሉ ይዞ ከየኔታ ፊት ይቀርባል፤ እርሳቸውም እየሰሙ ያርሙታል፤ የሰዋስው ስሕተቱ፣ የዜማው ልክ መጉደሉ፣ የምሥጢሩም ማነስ ጓደኞቹ እየሰሙ ይነገረዋል። አኩፋዳውን አንግቶ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ለምኖ ለሚያድር ልጅ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም።

በጎጃም በዋሸራና በጎንጅ፣ በወሎም በዋድላ ስመ ጥር የሆነው ይህ ትምህርት ጀማሪውን የሚቀበለው በጉባኤ ቃና ነው። ስሙ በቃና ከተደረገው ሰርግ የመጣ ሲሆን ርዝመቱ 2 ቤት ብቻ ነው። አጭር በመሆኑ ቀላል የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን 8 ቤት ባለው መወድስ አንድ የደከመ ቃል ከሌሎቹ መካከል ሊሸሸግ ሲችል፣ በጉባኤ ቃና መሸሸጊያ የለም፤ ሰሙም ወርቁም በእነዚያ ጥቂት ቃላት ተገናኝተው ማለቅ አለባቸው። የአምስት ገጽ አቤቱታ ሲያነብ የዋለ ሹም፣ ጸሐፊው አንድ ክረምት ቅኔ ቤት በከረመ ኖሮ ብሎ ሳይመኝ አይቀርም።

ጉባኤ ቃናው የሆነለት ተማሪ ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ ያልፋል። ሁለቱም ባለ 3 ቤት ናቸው፤ ዜማቸውና የቤቶቻቸው ልክ ግን ይለያያል። ስለዚህ በአንዱ ያማረ ሐሳብ በሌላው አልሰፍር ይላል፤ ተማሪውም ይህን የሚያውቀው ደጋግሞ ሞክሮ ነው። ዋዜማው፣ ሥላሴውና ዕጣነ ሞገሩ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ቅኔ መናገር «መዝረፍ» ይባላል እንጂ፣ የሌላውን ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ብርቱ ነውር ነው። የራስም ቢሆን የትናንቱ ለዛሬ አያገለግልም። ነጋዴ አንድ ጊዜ የሸጠውን ዕቃ መልሶ እንደማይሸጥ ሁሉ፣ አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔም ዋጋው በዚያው ዕለት ተከፍሎ አልቋል።

ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. «መጽሐፈ ቅኔ»ን በማሳተማቸው የብዙ ሊቃውንት ሥራ ከመጥፋት ድኗል፤ የተማሪዎቹን የየዕለት ቅኔ ግን ማንም አልጻፈውም። ቢጻፍ ሰነፉ ተማሪ ይደገፍበታል የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል፤ ክርክሩም እውነት አለው። ቢሆንም የኔታን ዝም ያሰኘ አንድ ጉባኤ ቃና፣ ተናጋሪው ትምህርቱን ፈጽሞ ከሄደ በኋላ እንኳ በጽሑፍ ቢቀር ለማንም ስንፍና ምክንያት አይሆንም።

ሲመሽ መምህሩ አዲስ ቅኔ ዘርፈው ምሥጢሩን ይተነትናሉ፤ ተማሪዎቹም ግስ ሲያወርዱ ያመሻሉ። ሲነጋ ያ ልጅ ባዶ እጁን ወደ ዛፉ ሥር ይመለሳል።