የአፍሪካን ካርታ በእንጨት መቁረጥ፦ የስክሮል ሶው የመጀመሪያ ትምህርቶች

ጀማሪው በቁራጭ እንጨት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። ማሽኑን አስነስቶ እንጨቱን ፊት ለፊት ወደ ምላጩ ይገፋል። ጥቂት ሳንቲ ሜትር እንደሄደ ግን መቁረጫው መስመሩን ለቆ ወደ ጎን፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ፣ ማፈንገጥ ይጀምራል። ጀማሪው እጁን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን የእጁ አይደለም።

ምክንያቱ ያለው ምላጩ ላይ ነው። በፋብሪካ ጥርስ ሲወጣለት በአንዱ ጎኑ በዓይን የማይለይ ሻካራ ጠርዝ ይቀርበታል። ያ ጎን ከሌላኛው አብልጦ ስለሚቆርጥ ምላጩ ወደዚያው ያደላል። መፍትሔው እንጨቱን ከሦስት እስከ አምስት ዲግሪ ያህል አዘንብሎ መግፋት ነው። በጠረጴዛ መጋዝ እንጨትን ከመሪው ጋር አጣብቆ መሰንጠቅ ለለመደ አናጺ ነገሩ እንግዳ ይሆንበታል፤ በስክሮል ሶው ግን መሪው የሠራተኛው ጣት ነው።

ማሽኑ ራሱ ውስብስብ አይደለም። ወደ 13 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ምላጭ ላይና ታች በሁለት ክንዶች ተወጥሮ ይያዛል፤ ሞተሩም ወደ ላይና ወደ ታች ያመላልሰዋል። ምላጩ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚዞረው እንጨቱ ነው። ለምሳሌ በብዙ የአሜሪካ ጓዳ ወርክሾፖች የሚታወቀው ዲዋልት ዲደብልዩ 788 በደቂቃ ከ400 እስከ 1,750 ጊዜ ይመላለሳል። ከምላጩ እስከ ኋላው ክንድ ያለው ክፍተት 20 ኢንች፣ ማለትም 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሰፋ ያለ ጣውላ ያዞራል።

ከመቁረጥ በፊት ሁለት ነገሮች ይፈተሻሉ። አንደኛው ውጥረቱ ነው። በትክክል የተወጠረ ምላጭ በጣት ሲነካ እንደ ክራር ጅማት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላ ምላጭ ግን መታጠፊያ ላይ ይጎብጥና ከላይ ያማረውን ቅርፅ ከታች ያበላሸዋል። ሁለተኛው የምላጩና የጠረጴዛው ማዕዘን ነው። በስኳድራ መለካት ይቻላል፤ ሌላም ዘዴ አለ። ወፍራም ቁራጭ እንጨት ጥቂት ተቆርጦ ይወጣና ዞሮ ከምላጩ ኋላ ይቀርባል። ምላጩ በስንጥቁ ውስጥ ሳይቸገር ከገባ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ነው።

የምላጮቹ ውፍረት በቁጥር ይለያል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ምላጩ ይወፍራል። 2 ወይም 3 ቁጥር ለስስ እንጨትና ለረቂቅ ቅርፅ፣ 5 ቁጥር ደግሞ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ለሚጠጋ ጣውላ ይመረጣል። ጥርሶቹ ወደ ታች ያዩ ስለሆነ እንጨቱ የሚቆረጠው ምላጩ ሲወርድ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ግን የታችኞቹ ጥቂት ጥርሶች ወደ ላይ ተገልብጠው ይሠራሉ። ሥራቸው በእንጨቱ የታችኛው ገጽ ላይ የሚቀረውን ስንጥርጣሪ መጥረግ ነው።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ሥራ ለመለማመድ ካርታ ጥሩ ነው። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. ጆን ስፒልስበሪ የተባለ የለንደን የካርታ ቀራጭ ካርታዎችን በስስ ጣውላ ላይ ለጥፎ በአገሮች ድንበር ይቆርጥ፣ ልጆች መልሰው እየገጣጠሙ ጂኦግራፊ እንዲማሩበትም ይሸጥ ነበር። ዛሬ በየቤቱ የሚታወቀው የገጣጥም ጨዋታ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ይጀመራል።

የአፍሪካ ካርታ ለጀማሪ የሚሆን የትምህርት ደረጃ በውስጡ አለ። የግብፅና የሊቢያ ድንበር በአብዛኛው ቀጥ ያለ ስለሆነ እንጨቱን አዘንብሎ መግፋትን ያስተምራል። ሁለቱ ኮንጎዎች በረጅሙ የሚዋሰኑበት የኮንጎ ወንዝ ይጠማዘዛል፤ እዚያ ላይ መግፋትን ቀንሶ እንጨቱን ማዞርን ማብዛት ያስፈልጋል። ሹል ማዕዘን ላይ ሲደረስ ደግሞ ወደፊት መግፋት ይቆማል፤ ምላጩ በራሱ ጀርባ ላይ የቆመ ያህል እንጨቱ በቦታው ይዞራል። በዚህ ጊዜ የሚገፋ ሰው ምላጩን ይሰብራል።

ከዚያ ሌሶቶ ትመጣለች። ይህች አገር ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ የተከበበች ስለሆነች ከጠርዝ ተነስቶ መቁረጥ አይቻልም። በድንበሯ ላይ በመሰርሰሪያ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ምላጩ ከላይ ተፈትቶ በቀዳዳው ይሾልክና ተመልሶ ይታሰራል፤ ይወጠራል፤ መቁረጡም ከዚያ ይጀምራል። ጫፉ ላይ ማገጃ ሽቦ ያለው ምላጭ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ስለሚፈልግ ድንበሩን ያበላሻል፤ ማገጃ የሌለው ግን 2 ሚሊ ሜትር እንኳ ይበቃዋል። በሥራው ቅደም ተከተል ግን የውስጥ ቁርጦች ሁሉ ከሌሎቹ ይቀድማሉ፤ ጣውላው ሙሉ ሳለ እጅ የሚይዘው አያጣም።

ጋምቢያ ሌላ ነገር ታስተምራለች። ረጅምና ቀጭን ስለሆነች ከተራ ጣውላ ከተቆረጠች በእንጨቱ ጭረት ላይ ትሰበራለች። ለዚህ ነው ኮምፔንሳቶ የሚመረጠው፤ ስስ ንብርብሮቹ ጭረታቸው እየተጠላለፈ ስለሚጣበቅ አንዱ የሌላውን ድካም ይሸፍናል። ኮምፔንሳቶ ለሌለው ዋንዛና ዝግባ ለመቁረጥ አያስቸግሩም፤ ወይራ ግን ጠንካራ ስለሆነ ለመለማመጃ አይመከርም። በጣም ስስ እንጨትም ለጀማሪ አይመችም፤ ምላጩ ቶሎ ስለሚበላው መስመሩን ለመከተል ጊዜ አይሰጥም።

ካርታው በወረቀት ይታተምና እንጨቱ ላይ ይለጠፋል። ወረቀቱ በኮላ በቀጥታ ከተጣበቀ በኋላ መላቀቁ መከራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ማስኪንግ ይለጠፋል፤ ካርታው በእሱ ላይ ይሆናል። ጠንካራ እንጨት ሲቆረጥ የሚታየውን የማረር ጥቁረት ለመቀነስ ብዙዎች ከወረቀቱ በላይ ግልጽ ስኮች ይጨምራሉ።

ማሽኑ የተለመደው ኤሌክትሪክ ከመስፋፋቱ በፊት ነው። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ሮክፎርድ ከተማ የነበረው የባርነስ ወንድማማቾች ኩባንያ ሰው ተቀምጦ በእግሩ የሚያሽከረክራቸውን ማሽኖች ይሸጥ ነበር። የዚያ ዘመን የአሜሪካ ቤቶች በረንዳና የጣሪያ ክፈፍ በተፈለፈለ ጣውላ ያጌጠው በእንዲህ ዓይነት መጋዝ ነው። ለኢትዮጵያዊ ዓይን ይህ ጌጥ ባዕድ አይደለም። ሐረር ውስጥ የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጠራውን፣ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራውን ቤት የጎበኘ፣ ወይም በአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች ክፈፍ ላይ የተንጠለጠለውን የእንጨት ዳንቴል ቀና ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ከአሜሪካ ማሽን ይዞ የሚመጣ ሰው ግን አንድ ነገር ማስታወስ አለበት። የዚያ አገር መስመር 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር የተሰካ ሞተር ይቃጠላል። ማሽን የሌለውም ሥራውን መተው አይጠበቅበትም። በቅስት ብረት ላይ የተወጠረው የእጅ መጋዝ ያንኑ ዓይነት ቀጭን ምላጭ ይይዛል። ጫፉ በቪ ቅርፅ የተቆረጠ ጣውላ በሞርሳ ከጠረጴዛ ጋር ይታሰራል፤ እንጨቱ በእሱ ላይ ተደግፎ ምላጩ ወደ ታች ሲሳብ ይቆረጣል።

ማሽኑ ከሌሎች መጋዞች ይልቅ ለጣት የዋህ ነው ቢባልም አቧራው ንቀት አይወድም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት አቧራን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ማስክና የዓይን መከላከያ ለትንሽ ሥራም ያስፈልጋሉ፤ የሚሠራበት ክፍልም አየር የሚያስገባ ቢሆን ይመረጣል።

ቆረጣው ሲያልቅ የየአገሩ ጠርዝ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ከዚያ ቀለም ይቀባል። ሲሸልስንና ኮሞሮስን የመሳሰሉትን ትንንሽ ደሴቶች ግን ባይቆርጧቸው ይሻላል። ምላጩ ሲመታቸው ከጣት ያመልጣሉ፤ ቢተርፉም ሕፃን ሊውጣቸው ይችላል። በመደቡ ሰማያዊ ቀለም ላይ በብሩሽ ቢሳሉ ካርታው አይጎድልም።