ክትባቱ ሳይሞቅ ለጫጩቱ ይድረስ

በጌዴኦ ዞን ዶሮ የሚያረባ ገበሬ ፈንግልን ማንም እንዲያስተምረው አያስፈልገውም። ማታ ደህና ሆና ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጧት ክንፏን ጥላ፣ አረንጓዴ ኩስ እየጣለች ትገኛለች፤ ስትቆይም አንገቷ ይጠማዘዛል። ጥቂት ቀናት ሲያልፉ የጎረቤቱም ቆጥ ባዶ ይሆናል። በዚህ አገር ደግሞ ጎረቤት ሩቅ አይደለም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር ሕዝቡ ከእንሰቱ፣ ከቡናውና ከዛፉ ጋር ተጠጋግቶ የሚኖርበት ምድር በመሆኑ፣ የአንዱ ዶሮ ከሌላው ጓሮ ስትጭር ትውላለች። ለሰው መልካም የሆነው ጉርብትና ለበሽታውም መንገድ ነው።

ፈንግል ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ያለው ክትባት ነው። ክትባቱም በአገር ውስጥ ይመረታል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ኤች ቢ ዋን፣ ላሶታና ሙቀትን በተሻለ የሚቋቋመውን አይ ቱ የተባሉትን የፈንግል ክትባቶች ያመርታል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከቢሾፍቱ እስከ ዲላ መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ዝዋይንና ሻሸመኔን አልፎ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ውስጥ ይመጣል። ኤች ቢ ዋንና ላሶታ የተዳከመ ነገር ግን ሕይወት ያለው ቫይረስ የያዙ ናቸው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተቀመጡ ቫይረሱ ይሞታል። የሞተ ክትባት ደግሞ መልኩን አይለውጥም። ብልቃጡ ያው ብልቃጥ፣ ጽሑፉም ያው ጽሑፍ ነው፤ ከተባውም ከታቢውም ሥራቸውን የሠሩ ይመስላቸዋል። ከወር በኋላ ፈንግል ሲገባ «ክትባት ጥቅም የለውም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። በኪስ ተይዞ ወይም በፌስታል ታስሮ ከዲላ ወደ ቡሌ የወጣ ብልቃጥ ባይወጣ ይሻል ነበር።

ጥንቃቄው ግን ከዚያ ቀድሞ ከጫጩት መፈልፈያው ይነሣል። ማሬክ የተባለው የዶሮ በሽታ ክትባት የሚሰጠው ጫጩቷ በተፈለፈለች በመጀመሪያው ቀን፣ ከመፈልፈያው ሳትወጣ፣ በአንገቷ ቆዳ ሥር በመርፌ ነው። ያ ቀን ካለፈ በማሳደጊያው ቤት ያለው ቫይረስ ይቀድማታል። ከዚህ ክትባት አንዱ ዓይነት የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚሆን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ሲሆን፣ ከቀለጠና ከተበጠበጠ በኋላ በአንድና ሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ብልቃጡ ከናይትሮጅኑ ሲወጣ ሊፈነዳ ስለሚችል ሠራተኛው የዓይን መከላከያና ጓንት ሳያደርግ መንካት የለበትም። የፈንግል ክትባት ርጭት ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይንን ያቀላል፤ በዘይት የተሠራ ክትባት በስሕተት ጣት ከወጋ ደግሞ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ጫጩት ስለማዳን ሲወራ የሠራተኛው ዓይንና ጣት የሚረሳበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለዚህ የአንድ ቀን ጫጩት ተቀብሎ እስከ ሁለት ወር አሳድጎ ለገበሬው የሚሸጥ ሰው ሊጠየቅ የሚገባው ዋጋውን ብቻ አይደለም። የትኛው ክትባት፣ በየትኛው ቀን፣ በምን መለያ ቁጥር እንደ ተሰጠ የሚያሳይ መዝገብ ማቅረብ አለበት። በተለመደው አሠራር የመጀመሪያው የፈንግል ክትባት በ7ኛው ቀን ገደማ በዓይን ጠብታ፣ የጉምቦሮ ክትባት በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት፣ ላሶታ ደግሞ በአራተኛው ሳምንት አካባቢ በመጠጥ ውሃ ይሰጣል። ጉምቦሮ ለአገራችን አዲስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በደብረ ዘይት አንድ የዶሮ እርባታ ውስጥ መታየቱ ተመዝግቧል።

በውሃ የሚሰጠው ክትባት ቀላል ይመስላል እንጂ በጣም የሚበላሸው እሱ ነው። ክሎሪን የገባበት የቧንቧ ውሃ ቫይረሱን ይገድለዋል፤ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ያልተለቀለቀ ዕቃም እንደዚሁ። ንጹሕ የምንጭ ውሃ ወስዶ በሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት መጨመር፣ ጫጩቶቹን ለሁለት ሰዓት ያህል ማስጠማትና የተበጠበጠውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው እንዲጨርሱ ማድረግ ይገባል።

የገበሬ ማኅበር መሪ ሥራ ጎልቶ የሚታየው በመንደሩ ላይ ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የተመሠረተው ማኅበር ስሙ ዛሬ ቀበሌ ቢባልም፣ ሰውን በአንድ ቀን የሚያሰባስብ ከመሪው ሌላ የለም። ለአምስት ዶሮ ብቻ የተዘጋጀ ብልቃጥ የለም፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ አባወራ ዶሮ የሚበቃ ሲሆን፣ ከተበጠበጠ በኋላ ለነገ አይቀመጥም። አንዱ ዛሬ፣ ሌላው በሳምንቱ ከመጣ ግማሹ ይደፋል። ሥራው ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ ማለዳ ይጀመር። አይ ቱ ለመንደር የሚመረጠው ከማቀዝቀዣ ውጭ ለሳምንታት ስለሚቆይ ነው፤ ቢሆንም ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ቡና አይደለም፤ በጥላና በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ መያዝ አለበት። አንዲት ጠብታ በአንድ ዓይን ትበቃለች፤ በየሦስትና አራት ወሩም መደገም ይኖርበታል።

ፈንግል ቀድሞ የገባበት ጓሮ ካለ ከታቢው ወደዚያ አይሂድ። የታመመችውን ዶሮ ክትባት አያድናትም፤ በጫማውና በእጁ ግን በሽታውን ይዞ ይወጣል። የሞተው ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ባዶው ብልቃጥም ተቀቅሎ ወይም ተቃጥሎ ይቀበር እንጂ ለልጆች መጫወቻ አይጣል። የታመመች ዶሮ ቶሎ ልሽጣት ብሎ ዲላ ገበያ ማውጣት በሽታውን ለሌላ ወረዳ ማስረከብ ነው።

ክትባቱ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ዶሮ በብዛት ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወርበት የዘመን መለወጫና የፋሲካ ገበያ ከመድረሱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ቀኑ ይቆረጥ፤ የአይስ ቦክሱና የበረዶው ነገርም ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ከዚያ በፊት ይነገር።