«ቀጭ ቀጭ» የሚል ዲስክ ሲያጋጥማችሁ

እንደሚታወቀው በዲፓርትመንታችን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የሌለው ወይም ተውሶ የማያውቅ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ፊልሙም፣ ሌክቸር ኖቱም፣ የመመረቂያ ጽሑፉም የሚከተተው እዚያው ነው። ዲስኩ የታመመ ዕለት ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም ከማያውቁት ወገን ነበርኩ። በዚህች ጽሑፍ የራሴን ዲስክ ታሪክ የማቀርበው የሠራሁትን ስህተት ሌላው እንዳይደግመው ብዬ ነው።

ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴ ደርሶ ከቤት ስንወጣ እማዬ የልብስ ቦርሳ አንጠለጠለች፤ እኔ ከጠረጴዛው ላይ ያነሳሁት አንድ 500 ጊጋባይት ዲስክ ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ነፃ ወጥታ ስንመለስ ኮምፒዩተሩ ቤት ውስጥ የለም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴውም የኮምቦልቻውም ግቢ በዚያ ወቅት የደረሰበትን ዘረፋና ውድመት አንባቢ ስለሚያውቀው አልደግመውም። ለእኔ ግን ትርጉሙ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ሌላ ቅጂ የሌለው ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ አያቴ ከማረፋቸው በፊት ስለ ልጅነታቸውና ስለ ድሮው ደሴ ሲያወሩ በስልክ የቀዳኋቸው 11 የድምፅ ፋይሎች ነበሩ። «ሁለተኛ ዲስክ ገዝቼ እገለብጠዋለሁ» እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ።

በ2016 ዓ.ም. አንድ ማታ ከወንድሜ ጋር ፊልም እያየን ዲስኩ እየሠራ ከአልጋ ላይ ወደቀ። ብዙም ከፍ ካለ ቦታ አልነበረም። ሲነሳ ፊልሙ ቆሟል፤ ዲስኩም በየመሐሉ «ቀጭ… ቀጭ» ይላል።

ይህ ድምፅ ምንድን ነው? በዲስኩ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ከሳህኑ በላይ ማንበቢያው ራስ (ሄድ የምንለው) በአየር ላይ ተንሳፎ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት እንኳ በአሥር ሺዎች ናኖሜትር ይቆጠራል። ዲስኩ ጠፍቶ ቢወድቅ ራሱ ማረፊያው ላይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። እየሠራ ሲወድቅ ግን ራሱ ሳህኑን ይነካል፣ ይቧጭራል። «ቀጭ» የሚለው ራሱ የሚፈልገውን ቦታ ሲያጣ ወደ መነሻው ተመልሶ እንደገና ሲሞክር ነው።

አንድ የክፍሌ ልጅ ዲስኩን ኮምቦልቻ ካለው ግቢ ወደ ቤት ሳመላልስ የሐረጎ መንገድና የደሴ ከፍታ ነው ያበላሸው ብሎ ተከራከረኝ። የአየሩ ነገር እውነትነት አለው፤ ራሱ የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ በጣም ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳበታል። ነገር ግን ብዙዎቹ አምራቾች እስከ 3,000 ሜትር አካባቢ ይሠራል ብለው ይጽፋሉ፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ደሴን ለቀቅ አድርጓት! ጥፋቱ የአልጋው ነው።

አሁን ስህተቴን ልናገር። መጀመሪያ ነቅዬ ሰካሁት። እንደገና ነቅዬ ሰካሁት። ገመዱን መቀየሬና ሌላ ፖርት መሞከሬ ትክክል ነበር፤ ብዙ ዲስክ «ሞተ» የሚባለው በገመድ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ዊንዶውስ «ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ተመስገን፣ እምቢ አልኩ። አንድ ሱቅ ወስጄው ደግሞ «ፎርማት አድርገን ፋይሉን እናወጣዋለን» አሉኝ። ከዚያ ጓደኛዬ የሪከቨሪ ፕሮግራም በፍላሽ አመጣልኝና ሌሊቱን ሙሉ ስካን ሲያደርግ አደረ። ጠዋት ከ60 በላይ ፎልደር ሲያሳየኝ የነበረው ዲስክ 9 ብቻ አሳየኝ።

ለካ ትልቁ ጥፋት ይኸ ነበር። የታመመ ዲስክ አንድ የተበላሸ ሴክተር ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ደጋግሞ ይሞክራል። ፕሮግራሙም በበኩሉ ይደጋግማል። የተጎዳው ራስ በዚያ ቁስል ላይ በተመላለሰ ቁጥር ብናኝ ያስነሳል፣ ብናኙም ደህናውን ቦታ ይቧጭራል። የተሰጠን ዕድሜ የተወሰነ ሰዓት ነው፤ እኔ አንድ ሌሊቱን በከንቱ አባከንኩት።

አንድ መምህራችን ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ስንት ጊዜ ሰካኸው?» ብለው ነው። «እኔ እንጃ፣ ሃያ ጊዜ ይሆናል» አልኳቸው። «በል አሁን ንቀለው፤ ሌላ ባዶ ዲስክ ሳትይዝ እንዳትመለስ» አሉኝ።

የነገሩኝ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ከታመመ ዲስክ ፋይል አይፈለግም። መጀመሪያ ዲስኩ እንዳለ፣ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው፣ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል፤ ፋይል የሚፈለገው ከቅጂው ላይ ነው። ለዚህ የተሠራ ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የተባለ ሰው ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያዘጋጀው ነው። የሚሠራው ሊኑክስ ላይ ስለሆነ ሲስተምሬስኪው የሚባለውን ሊኑክስ በፍላሽ ጭነን ላፕቶፑን በዚያ አስነሳነው። ይህም ጥቅም አለው፤ ዊንዶውስ ሳይጠየቅ ዲስኩን መነካካት ይወዳል።

የፕሮግራሙ ብልሃት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ደህናውን ቦታ በፍጥነት ያነባል፣ የተበላሸ ሲያጋጥመው ዘሎ ያልፋል። ቁስሉ ጋ የሚመለሰው ደህናው ሁሉ ከተረፈ በኋላ ነው። የትኛው ተነበበ፣ የትኛው ቀረ የሚለውን ማፕ ፋይል በሚባል መዝገብ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ መብራት ቢጠፋ (መጥፋቱ መቼ ይቀራል!) ከቆመበት ይቀጥላል። መዝገቡን የሚያስቀምጠው የታመመው ዲስክ ላይ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። መድረሻውና ምንጩ እንዳይቀያየሩም ትእዛዙን ከማስጀመራችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ ከተቀያየሩ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ይገለበጣል፣ አለቀ።

ደህና ዲስክ ቢሆን በዩኤስቢ 2 አምስት ሰዓት የማይሞላው ሥራ ሦስት ሌሊት ፈጀ። ሲሞቅ እያቆምን፣ ሲቀዘቅዝ እየቀጠልን። «ፍሪጅ ውስጥ አስገባው» የሚል ምክርም አልጠፋም። አታድርጉት፤ ሲወጣ በውስጡ የሚጤዘው እርጥበት የባሰ ነገር ያመጣል። ክዳኑን መክፈት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። በመጨረሻ ከ500 ጊጋባይቱ ሳይነበብ የቀረው 41 ሜጋባይት ያህል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው፤ ቅጂውን ሺህ ጊዜ ብንሞክርበት አይደክመውም። ቴስትዲስክ ፎልደሮቹን ከነስማቸው አወጣልን። ማውጫው የጠፋውን ፎቶሬክ ፈለገው። ፎቶሬክ ስም አያውቅም፤ የፋይሉን አጀማመር ብቻ ነው የሚያየው። ለምሳሌ የጄፔግ ፎቶ ሁልጊዜ በተወሰኑ ሦስት ባይቶች ይጀምራል። ስለዚህ ፎቶው ይመጣል፣ ስሙ ግን በቁጥር ተተክቶ ነው። በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አንድ በአንድ መለየት የእማዬ ሥራ ሆነ፤ እሷም አልጠላችውም።

አንድ ነገር ሊያሳስተኝ ነበር። የአባቴ የቆዩ የዎርድ ጽሑፎች ሲከፈቱ ሁሉም ዝብርቅርቅ የላቲን ፊደል ሆነው ታዩ። ተበላሽተዋል ብዬ ልሰርዛቸው ስል ነገሩ ገባኝ። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው የላቲኑን ቦታ በያዙ ፎንቶች ነበር። ፎንቱን ፈልገን ስንጭነው ጽሑፉ ፍንትው ብሎ ወጣ። ፋይሉ ድሮም ደህና ነበር።

ከመደንገጣችሁ በፊት ይህንንም እዩ። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ከታዩ ዲስኩ አልታመመም፤ ቫይረስ ነው፣ ፋይሎቹም ብዙውን ጊዜ ተደብቀው እዚያው አሉ። ጥርጣሬ ካላችሁ የዲስኩን ስማርት መረጃ አንብቡ፤ 5፣ 197 እና 198 ቁጥሮች ዜሮ ካልሆኑና እየጨመሩ ከሄዱ በዚያው ቀን ገልብጡ።

ከ11ዱ የአያቴ ቅጂዎች 9ኙ ሙሉ ናቸው። በአሥረኛው ላይ አያቴ «ያኔ እኮ» ብለው ይጀምሩና አርባ ሰከንድ ያህል ጩኸት ብቻ ይሰማል፤ ከዚያ ይስቃሉ። አሥራ አንደኛው ጨርሶ አይከፈትም። ስልክ ድምፅ ሲቀዳ የፋይሉን ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚጽፈው፤ ያ መጨረሻ ከ41 ሜጋባይቱ ውስጥ ገብቷል። በዚያው ስልክ የተቀዳ ደህና ፋይል አይቶ ማውጫውን መልሶ የሚሠራ አንትራንክ የሚባል ፕሮግራም አለ። ቅጂውን አሁን ሁለት ዲስክ ላይ አስቀምጬ እሱን እየሞከርኩ ነው።